ከበዓላቱ በኋላ

ለፋሲካ ጽዳት መጋረጃ ሳወርድ
ስልኬ ተንጫረረ፣ ከመሰላል ስወርድ።
«አቶ መልኬ?» አለኝ ድምፁ የሚጣደፍ፣
«የምሥራች አለኝ፣ ጆሮ የማያሳልፍ፤
ከአርባ ወደ መቶ ያድጋል ኢንተርኔትዎ፤
ሼክል አንጠይቅም፤ ምስጋና ነው ለታማኝነትዎ።»

ታማኝ ሲለኝ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ፤
ሠላሳ ዓመት ስኖር በዚህ ስም ማን ጠራኝ?
ለጎረቤቴ ለስማቸው ነገርኩት፣
ለመድኃኒት ቤቷ ልጅ ሳይቀር ነገርኳት።

አርባው እኮ ይበቃኝ ነበር።
ዜና አይበታለሁ፣ የልጅ ልጄ ስትጨፍር፣
የውኃ ሂሳብ እከፍልበታለሁ፣ ቀስ ብሎም ቢሆን።
መቶ ይመጣል ካሉኝ ወዲህ ግን
አርባው አነከሰ፤
ትናንት ሲሮጥ የነበረው ዓይኔ እያየ ጎበጠ፣ ተልፈሰፈሰ።
ሳይሰጡኝ ወሰዱብኝ።
ኪስ የማይነካ፣ ያለህን ግን የሚያራቁት ስጦታ፣
በየትኛው ፍርድ ቤት ነው የሚረታ?

ፋሲካ አለፈ፤ ደወልኩ።
«ስምዎ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ እሑድ እንደውላለን።»
እሑድ መጣ፤ እነሱ ግን አልመጡም።
አስፋልቱ በሐምሌ ቀለጠ። ባለሙያ ተላከ፤
ሣጥኑን ከፈተ፣ ሽቦውን ዳበሰ፣
ተስፋ እንደ ቆረጠ ሐኪም ራሱን ነቅንቆ ተመለሰ።
መስከረም ሲጠባ «አሐሬ ሃሐጊም» አሉኝ፤
ከበዓላቱ በኋላ ማለት ነው።
በዚህ አገር ከዚህ የረዘመ ቀጠሮ የለም።

የዓመቱ መባቻ አለፈ፣ የማስተስረያው ጾም አለፈ፣
ዳሱ ተተከለ፣ ዳሱ ፈረሰ።
የኛ ስግድ ግን ከጾሙ ሃምሳ ቀን ይርቃል፤
ታዲያ በዓላቱ አልቀዋል ወይስ አላለቁም?
ጠየቅሁ። «ስግድ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ሳልወጣ ቀረሁ ለስግድ፤
ነጠላዬን ለብሼ በኮምፒውተር አየሁ ሕዝቡ ሲሰግድ።
ቄሱ እጃቸውን ዘረጉ፣
ጃንጥላው ከነዘርፉ ከፍ አለ፣
እዚያው ቀረ።
ክቧ ዞረች። ዞረች።
ሕዝቡ በግማሽ ስግደት ደርቆ፣ አንድ ሕፃን አፉን ከፍቶ፣
አሜን የሚያሰኘው ቃል በቄሱ ጉሮሮ ተዘግቶ፣
እኔም ሶፋዬ ላይ አጎንብሼ፤
ቀና ልበል እንዳልል፣ እነሱ ቀና አላሉም።

ያን ጊዜ ደወልኩ፣ በንዴት።
ለዕብራይስጥ አንድ፣ ለሩስኛ ሁለት፣
ለአማርኛ ስድስት።
አርባ ሦስት ደቂቃ ፒያኖ ሰማሁ።
«ጤና ይስጥልኝ፣ ሊራዝ እባላለሁ።»
አማርኛዋ ኮልታፋ ነው፤ ግን ሰው አለበት።
የሰባት ወር ንዴቴን ባንድ ትንፋሽ አወረድኩባት፦
«ቂርያት ማላኪ ነው የምኖር፤ የመልአክ ስም አላት ከተማችን፤
መልአክ ማለት መልእክተኛ፤
ታዲያ መልእክቱ ለምን ተኛ?
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤
የናንተ እንቁላል ግን ገና ከዶሮዋ ሆድ አልወጣም!»

ዝም አለች። ከዚያ በሹክሹክታ፦
«አባባ፣ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌምን ስንት ዘመን ጠበቋት?
ስድሳ ሜጋ ምን አላት?»
«ልጄ» አልኳት፣
«ኢየሩሳሌም መቼ 'እሑድ እደውላለሁ' አለች?»

ሳቀች። ሳቋን በመዳፏ ስታፍን ተሰማኝ።
«እኛም ቤት አርባ ነው» አለችኝ፤
«እናቴ ማታ ማታ በኔ ላይ ነው የምትጮኸው።»

ስትሰናበተኝ ማሽኑ ገባ፦
«አገልግሎታችንን ይመዝኑ፣ ከአንድ እስከ አምስት።»
ሰባት ወር ሙሉ ለአንድ ያሰናዳሁት ጣት
አምስትን ተጫነ።
«ለልጅቷ ነው፣ ለናንተ አይደለም» አልኩት ማሽኑን።
ታማኝ ደንበኛ ብሎ አመሰገነኝ።

ዞር ስል ቄሱ እጃቸውን አውርደዋል፤
ሕዝቡ ተነሥቶ አቧራውን ያራግፋል።
አሜኑ አመለጠኝ።