የግስ እርባታ

የሌሊት ጥበቃ ነኝ፣ ሄርማታ፣ የእህል መጋዘን በር ላይ፤
ስሜ ዘይቱና፤ ደመወዜ ወሩን አያጋምስም፣ እንኳን ሊተርፍ ለሌላ ጉዳይ።
ጎጆዬ ቆርቆሮ ናት፤ ጅማ ሲዘንብ ከበሮ፣
ሰው ቢጠራኝ አልሰማም፣ ጆሮዬ ከጣራው ጋር ታስሮ።
እዚያ ነው አቶ ነዚፍ የሚመጣው፣ እንቅልፍ ሲከዳው፣
ባለሦስት እግር በርጩማውን በብብቱ ይዞ፣
ካፖርቱ ውሃ ጠጥቶ ትከሻውን እየጎዳው።
በልጅነቱ ኩባ ሄዶ የከብት እርባታ ተምሯል፤
ዛሬ ከብት የለውም፣ ለእኔ ግስ ያረባል።

«አምፓራር» አለኝ አንድ ማታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
እንደ ማንጎ ፍሬ ቃሉን በአንድ ጉንጩ ሸሽጎ።
«ማለት?»
«መጠበቅ። መከለል። ማስጠለል።
ጥላ የሌለውን ሰው ከጥላሽ ማካፈል።»
ጻፍኩት፣ በእኛው ፊደል፣ ከፈረቃ መዝገቡ ጀርባ፤
ጆሮዬ ግን ሌላ ሰማ፤ «አምባ ነው እንዴ?» አልኩት፣ «አምባ?»
«ሥጋ አይደሉም» አለኝ፣ «የጆሮ ጎረቤት ናቸው።»
ከዚያ ማርባት ጀመርን፣ አንድ በአንድ እየጠራናቸው፦

አምፓሮ፣ እኔ። አምፓራስ፣ አንተም አንቺም፣ ሳይለይ ቀሚስና ሱሪ።
አምፓራ፣ እሱም እሷም፣ በአንድ ዣንጥላ ሥር አዳሪ።
አምፓራሞስ፣ እኛ። እዚህ ላይ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣
«ይኼኛውን ብዙ አልተጠቀምኩበትም» አለና
በርጩማውን ወደ ውስጥ ጠጋ አደረገ።

ዓረፍተ ነገር ሠራሁ፤ «መጋዘኑን አምፓሮ»።
ሳቀ፣ ሳሉ እስኪነሳ፣ ከዝናቡ ጋር ተባብሮ፦
«መጋዘን ይቆለፋል፣ ዘይቱና፤ ጆንያ ይቆጠራል፤
ለዚያ ሌላ ግስ አላቸው። ይኼ ግን ተሳቢው እንዲበርደው ይፈልጋል።»
ያን ሌሊት አሰብኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ ዱላ ይዤ፣
ምን ስጠብቅ ኖርኩ? ስንዴ።
የማልበላውን ስንዴ፣ ከነነቀዙ፣ ቁጭ ብዬ ተክዤ።

ሌላ ቀን ደግሞ እሱ ጠየቀኝ፣ መምህርነቱን ትቶ፦
«እናቴ ጅሬን ላይ፣ ልጇ ባሕር ተሻግሮ ጠፍቶ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ጠበቀችኝ። እነሱ ሁለት ቃል አላቸው፤
በር በር ማየት አንድ፣ ክፉ እንዳይነካ መከልከል ሌላ፣ ለየብቻቸው።
እስቲ ንገሪኝ፤
ስትጠብቀኝ ነበር፣ ወይስ ስትጠብቀኝ?»
መልስ አልነበረኝም። ሻይ ቀዳሁለት፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ታየኝ።

ነሐሴ ላይ፣ አዌቱ ሞልቶ፣ የቦንጋው መኪና አምሽቶ፣
አንዲት ሴት በሩን መታች፣ ሕፃን አዝላ፣
ጭቃው እስከ ጉልበቷ ወጥቶ።
ደንቡ ግድግዳው ላይ ነው፤ «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ማንም አይገባም»።
አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።
«የሚበርደው» የሚል ቃል የለበትም።
ከፈትኩ።
ጆንያ ላይ አስተኛኋት፤ ስንዴው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አሞቀ፤
ሕፃኑ ጡቷን ያዘ፤ ጣቱ በቀሚሷ ጥለት ላይ ጠበቀ።

ጠዋት ኃላፊው የዐሥራ አምስት ቀን ደመወዝ ቀጣኝ፤
መዝገቡ ላይ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ፣ ጠባብ፣ አንድ ቃል ብቻ የሚበቃኝ፤
አምፓሮ ብዬ ሞላሁት።
«ይኼ ደግሞ የማን ስም ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ለአቶ ነዚፍ ልነግረው ነበር። በርጩማው አልመጣም፣ አንድ ሳምንት፣ ሁለት፤
«ሳሉ ነው፣ አዲስ አበባ ወሰዱት» አሉ ጎረቤቶቹ፤ ሌላ ወሬ የለበት።
የተማርነው የአሁኑን ጊዜ ብቻ ነው። ኃላፊ ጊዜው እንዴት እንደሚረባ
አላሳየኝም፤ «እሱ ለመስከረም ይደር» ብሎኝ ነበር፣ ካፖርቱ ውስጥ ሲገባ።

መስከረም አለፈ። በሌላ ጊዜ ልጠራው አልችልም፣ አልተማርኩማ፤
አምፓራ እላለሁ፣ እሱ፣ አሁን፣ ቆርቆሮው ሥር፣ በጨለማ።
ለሦስት እግር የሚበቃ ደረቅ መሬት ከጎኔ ትቻለሁ፤
ስንዴውንም፣ እሱንም፣ እጠብቃለሁ።