ካባ

ከብርኖ ወጣ ብሎ፣ በድሮው የኖራ ድንጋይ ካባ፣
ቅዳሜ በማለዳ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣ ብርሃን ወለሉ ሳይገባ፣
አራት ሆነን ቆምን፣ ከካባ ውስጥ ካባ ለብሰን፣
ከካባችን ሥር ደግሞ ብረታችንን አልብሰን።

የሕጉ ቃል ረጅም ነው፤ "በስውር መያዝ" ይላል ፈቃዱ፤
የኔ ቋንቋ ግን ነገሩን ጨርሶታል በአንዱ፦
ሽጉጥ ብሎ ሲሰይመው፣ ከመጠሪያው ጀምሮ፣
የተሸጎጠ ማለቱ ነው፣ ከጎን የሚያድር ተቀብሮ።

ራዲም መድኃኒት ሻጭ ነው፣ የሌሊት ተረኛ፤
ክቪዬታ የችሎት ጸሐፊ፣ ፊርማ አልባ ደብዳቤ ደርሷት የማትተኛ፤
እኔ ወርቅ አንጥረኛ።
አራተኛው ስሙን አልነገረን፤ ጓንቱን አውልቆ ዝም፤
እኛም አልጠየቅነው፤ እዚህ ስም አይጠየቅም።

ቦዜና ናት አሰልጣኛችን፣ የጂኦግራፊ መምህርት የነበረች፤
በቀይ ጠመኔ ወለሉን እንደ ካርታ አሰመረች።
ከጀርባችን ደግሞ፣ ከፈረሰ ቤት የተነቀለ በር
ከነመቃኑ አቆመች፤ ለምን እንደሆነ ሳትናገር።

"ሰባት ሜትር" አለች፣ "እዚህ ሁሉም ጀግና ነው፤
እጅ ያውቀዋል መንገዱን፣ ዓይን ትርፍ እንግዳ ነው።
ሃያ አምስት ላይ የገዛ ልብ ይሰማል።
ሃምሳ ላይ... እሱን ስንደርስ ይወራል።"

ግራ እጅ ካባውን ጠረገ፤ ቀኝ እጅ መያዣውን ጨበጠ፤
ብረቱ ወደ ደረት ወጣ፤ ክንድ ተዘረጋ፤ ትንፋሽ ተቋረጠ።
ጣት ምላጩ ላይ፦ "አትመንጭቀው፤ ጫነው፣ ጫነው፤
ጩኸቱ ድንገት ይምጣብህ፣ ቀድመህ አትጠብቀው።"

ሃምሳ ሜትር ላይ የካርቶን ሰው ከምስማር ራስ አይበልጥም።
"የፊቷን ነጥብ እይ" አለችኝ፣ "እሷ ትጥራ፣ ሌላው ይደብዝዝ፤
ኢላማው ላይ ያፈጠጠ ነው ጥይቱ የሚናውዝ።"

ይሄስ ለኔ ቀላል ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ከቅንድቤ ስንዝር በምትርቅ ቀለበት ሳጎነብስ፣ ከዚያ ያለፉት ሁሉ
ደብዝዘው ነው የኖሩት። ሚስቴም ይህንኑ ትለኝ ነበር።
ነጥቧ ጠራች። ሰውየው ጠፋ። ጫንኩ።

ከአምስት ሁለት። ራዲም ሦስት፤ ክቪዬታ አራት መታች፤
ስሙን ያልነገረን ሰው አምስት ከአምስት፣ ቡጢ በምታህል ቦታ።
አጨበጨብን። ቦዜና ግን፣ ቀስ ብላ፣ በዝግታ፣
የካባው ግድግዳ ድረስ ሄደች፤ ነጩን ድንጋይ ዳበሰች፤
የኔን ሦስት ቀዳዳዎች በቀይ ጠመኔ ከበበች።

"ይህቺ የማን ናት? ይህቺስ? ጎዳና ላይ እንዲህ ያለ ካባ የለም፣
የሳታችሁትን ሁሉ ተቀብሎ ዝም የሚል፣ የማይታመም።"
ደግሞ ወደ ጎበዙ ዞረች፦ "አምስት ከአምስት። መልካም።
ግን ሃምሳ ሜትር ነበር። በሩ ከጀርባህ ክፍት ነበር።
ምን አቆመህ?"
ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ። መልስ አልነበረውም።

ኅዳር ላይ ነው፤ መዶሻ የያዘ ልጅ መስኮቴን ሰብሮ
ስድስት ቀለበት ዘግኖ፣ ወደ ትራም ፌርማታው በርሮ
አንድ ጊዜ ዞሮ አየኝ። ባዶ እጄን ነበርኩ።
ከዚያ ወዲህ ነው ፈቃዱን ያወጣሁት፤
ስንት ሌሊት በሐሳቤ ያንን ጀርባ ያነጣጠርኩት!
ከሱ ኋላ ግን ማን ነበር? ጋሪ የምትገፋ? ጋዜጣ የያዘ?
አላስታውስም። ነጥቧ ጠርታ፣ ሌላው ሁሉ ደበዘዘ።

ሰኞ ጠዋት፣ ሱቄን ሳልከፍት፣ ከደጄ እስከ ፌርማታው
በእርምጃ ለካሁ፦ ሃምሳ ሁለት።
አንገቴን ደፍቼ ስቆጥር፣ ብረቴ እንደተሸጎጠ፣
ትራም የምትጠብቅ አሮጊት "ምን ጠፋብህ ልጄ?" አለችኝ።
"ቀለበት" አልኳት፣ የምለው ጠፍቶኝ።
መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች፤
ጎንበስ ብላ አብራኝ ትፈልግ ጀመር።