ለብ

ነሐሴ ነው፣ ደሴ፤ ጉም ከጦሳ ወርዶ
በር ሳያንኳኳ ነው የሚገባው ለምዶ፤
መስታወት ሸፍኖ፣ ወንበሩን ታቅፎ
ወረፋ ይጠብቃል ግድግዳ ተደግፎ።

አያ አሊጋዝ ግን ጉሙን ቀድሞት ነቅቶ
ማንቆርቆሪያ ጥዷል፣ ከሰሉ ላይ፣ ሞልቶ።
ሱቁ ሰኞ ገበያ፣ ከጨው ተራ ጀርባ፣
አንዲት ወንበር ያላት፣ ሁለት የማታስገባ።
ዕድሜዬ አሥራ ሁለት፤ ሥራዬ ጠባቂ፣
የአረፋ ዘበኛ፣ የሳህን አሟሟቂ።

ትንሿን ሳህን ከትልቁ ጣሳ
አስገብቶ ያሳየኛል፣ ድምፁን ሳያነሳ፦
«ውሃው ከሥር ይቀፈው፣ ላዩ ላይ አይፍሰስ፤
ከፈላ ይሞታል፣ ይጠፋል እንደ ነፍስ፤
ከበረደ ደግሞ ይደርቅና ጉንጭ ላይ፣
መላጨት መላጥ ነው፤ ይህን ጠንቅቀህ ለይ።
ለብ ይበል፣ ለብ ብቻ። በአንጓህ ላይ ሞክረው፤
ቆዳህ ካላወቀው፣ ልኩ ማለት ያ ነው።»

ብሩሹንም እንዲሁ፤ ከጣሳው ነክሮ አውጥቶ፣
ጨምቆ፣ አራግፎ፣ ጆሮው ላይ አስጠግቶ፣
ምን እንደሚሰማ እስከ ዛሬ አላውቅም፤
እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ሹፌሩ ባቲ ሊወርድ፣ ሙሽራው ሊያገባ፣
ትከሻው ጆሮው ጋ ተጣብቆ ሲገባ፣
የመጀመሪያው አረፋ አገጩን ሲነካ
ይወርዳል ትከሻው፤ ጭነት ኖሯል ለካ።

«ለብ እና ልብ፣ አያ፣ አንድ ጭረት ናቸው»
አልኩት በከሰሉ ግድግዳ ላይ ስጽፋቸው።
ሳቀ፤ «ከኔ ሱቅ፣ ልጅ፣ ጭረት ወጥቶ አያውቅም፤
ግድግዳዬን እጠብ፤ ከሰል በነፃ አይደለም።»

ሸማኔው አመዴ ጎኑ ከታጠፈ
ወንበሩ ላይ ሳያርፍ አራት ወር አለፈ።
አንድ ጁምዓ ላኩብን። ቤቱ ጦሳ እግር ሥር፣
መኪና የማይደፍረው የድንጋይ ሠፈር።
አያ አሊጋዝ አየኝ፤ ሳህኑንም አየ፤
«እዚያ እሳት አይኖርም» አለና ዘገየ።
ጣሳውን ከነውሃው፣ ሳህኑን ከነአረፋው
በፎጣ ጠቅልሎ ኮቴ ሥር ከተተው።
«አብሽር፣ ምድጃው አንተ፤ የልጅ ትኩስ ነው ደሙ።»
እሱ ቀድሞኝ ወጣ፤ ወዲያው ዋጠው ጉሙ።

ግማሹ ላይ ስደርስ አዳለጠኝ ጭቃ፤
ጉልበቴ ዝቅ አለ፤ አበቃ፣ አልኩ፣ በቃ።
ከጣሳው ግማሹ ሆዴ ላይ ወረደ፤
ጩኸቴ ጉም ውስጥ የትም ሳይሄድ በረደ።
ሳህኑን አልጣልኩም። ጀግንነት አይደለም፤
እጄ መልቀቅ ረሳ እንጂ ሌላ የለም።

አመዴ መደቡ ላይ ትራስ ተደግፎ፣
መወርወሪያው ጎኑ፣ ግማሽ ክር አቅፎ፣
አፉ ወደ ግራ፣ ዓይኑ ወደ ጣሪያ፤
ከዝምታው በቀር የለውም መናገሪያ።
አያ አሊጋዝ ፎጣውን ፈታ፤ በአንጓው ነካ አርጎ፣
ምንም ሳይናገር፣ ብሩሹን ፈልጎ፣
ቀባው። ከጆሮ ሥር፣ በጉንጩ አቋርጦ፣
በሞተው ጎን በኩል፣ ጊዜ ሰጥቶ፣ መርጦ።

ያኔ ነው ሽማግሌው፣ ማንም ሳያዝዘው፣
አገጩን ቀና አርጎ አንገቱን ያዋሰው።

ይኸው ነው። አልተነሳም፤ አልተናገረም ቃል፤
ተአምር ለሚጠብቅ ታሪኩ እዚህ ያልቃል።

አሁን ኮምቦልቻ ነኝ፤ ወናፍ ነው አየሩ፤
ወንበሬ ሦስት ሆኗል፤ ማሽን ነው ነገሩ።
ግን ከኋላ፣ ጥግ ላይ፣ ጣሳና ሳህን አለ፣
ውሃው ከሥር አቅፎት፣ ለብ እንዳለ።
ደንበኞች ይስቃሉ፦ «በዚህ ሐሩር? ለማን?»
«እንጃ» እላቸዋለሁ፤ ማን ያውቃል መጪው ማን?

ደሴ በወጣሁ ቁጥር፣ ጉም ሲወርድ ከጦሳ፣
ሳላስበው እጄ ይሄዳል ወደ ጠባሳ፤
ሳንቲም የምታህል፣ ሆዴ ላይ ያለች፣
በአንጓዬ እነካታለሁ። ዛሬም ለብ ትላለች።