የበሩ ዘይት

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ብሎኬት ማምረቻው ጎህ ሳይቀድ ሲነቃ፣
አሥራ አራት አልጋ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤
የመድኃኒት ብርጭቆ በጠረጴዛው ላይ እየተራመደ ይመጣል።

ጋሽ ሽብሩ ብቻ ናቸው የማይሰሙት፣
ጆሯቸውን ወፍጮ ቤት ትተው የወጡት፤
ቴሌቪዥኑ በሳቸው ልክ ይጮኻል፣
ሪሞቱ ከትራሳቸው ሥር ያድራል።

ሐሙስ ዕለት አንዲት ልጅ ድምፅ መለኪያ ይዛ መጣች፣
ከአልጋ አልጋ ዞረች።
«ሰባ አንድ።» ጻፈች። «ሰማንያ።» ጻፈች።
ለወንበሩ እግር ጎማ፣ ለቴሌቪዥኑ ሰዓት፣
ለሚያቃስተው የግቢ በር ማጠፊያው ላይ ዘይት፤
ለብሎኬቱ ግን መላ አልተገኘለት።

እውነቴን ነው፣ ያን ሌሊት ተኙ።
እኔም ተረኛው ወንበሬ ላይ አሸለብኩ።

እሑድ፣ እትዬ አመለወርቅ፣
ዓይናቸው ከጠፋ ይሄው ስድስት ዓመቱ፣
ነጠላ ቀይረው ተቀመጡ ከመስኮቱ።
ረፋዱ አለፈ። ሻዩ ቀዘቀዘ።
«ምነው፣ ዛሬ ሰው የለም?»
«ኧረ ግቢው ሙሉ ነው፣ እትዬ!»
«በሩ ሳይጮህ?»

ለካ በጩኸቱ ነው ሰው የሚለዩት፦
ነርሷ ስትገባ አጭር፣
ቄሱ ሲመጡ ረዘም ያለ፣ እንደ ማዛጋት፣
ልጃቸው ውብእሸት ግን ሁለቴ ነው፤
ገፋ አድርጎ፣ ቆሞ፣
መመለስ ያሰበ ይመስል፣
ደግሞ ገፍቶ።

ማታ በላርጎና በጨርቅ ማጠፊያውን አጠብኩት።
መዝገቡ ላይ አልጻፍኩም።
ነቅነቅ አደረግኩት፤ ዝም።
አሸዋ ጨመርኩበት፤ ዝም።
ግድ የለም፤ ሐምሌ ነው፣
ዝገት አይዘገይም።