የአየር ጠባይ

ትናንት እስከ ቀትር ባሕሩ ዘይት መስሎ
ተኝቶ ነበረ፣ ሙቀቱን በጀርባው አዝሎ።
ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ካውስ የሚሉት ነፋስ
እንደ ትኩሳታም ትንፋሽ በመስኮት ሲመላለስ፣
አቡ ነስር ጉልበቱን በመዳፉ እያሸ
“ሉባባ፣ ልብሱን አስገቢ፣ አየሩ ተበላሸ፤
ሰሜኑ ሳይመሽ ይገባል” አለኝ።
                እኔ ግን ሳቅኩ፤
ሰማዩን አየሁትና ልብሱን ገመድ ላይ ተውኩ።

ዘጠና ሊሞላው ነው፤ ቁርሱን መብላቱን ይረሳል፤
የበኩር ልጁን ሲጠራ የሟች ወንድሙን ስም ያነሳል፤
የነፋስ ስም ግን አይስትም።
በጉብዝናው ወራት በሸራ መርከብ ሠርቶ፣
ተምር ጭኖ ህንድ ወርዶ፣ ሳንቃ ጭኖ መጥቶ፣
ከዚያ ሁሉ ባሕር የተረፈው አንድ ጉልበት ነው፣ የታመመ፣
ከስልኬ ፈጥኖ የሚሰማ፣ ከሬዲዮው የቀደመ።

አሥር ሰዓት ላይ መጣ።
ከፈሐሂል ወዲያ፣ ከማጣሪያው ጀርባ፣ ቡናማ ግንብ ቆመ፤
የጭስ ማውጫው እሳት እንደ ሽማግሌ ጎበጠ፣ ጠመመ፤
አሸዋ፣ ከዚያ መብረቅ፣ ከዚያ የጭቃ ጠብታ፣
ከዚያ ጆሮ የሚያሳክክ፣ ያልለመድነው ጸጥታ።
የአቡ ነስር ነጭ ቀሚስ ከገመዱ ተነጥቆ
ጎረቤት ጣሪያ አረፈ፣ በዲሽ አንቴና ታንቆ፤
ሌሊቱን ሙሉ እጅጌውን ሲያወዛውዝ አደረ፤
ይሰናበት ይሁን ይጣራ፣ ማን ሄዶ መረመረ።

ዛሬ ጧት ሬዲዮው፣
ቀዝቃዛው የአየር ግንባር ወደ ደቡብ ማለፉን፣
ሙቀቱ በአንድ ሌሊት አሥራ አንድ ዲግሪ መርገፉን፣
ከኩዌት እስከ ኦማን ሰሜኑ እንደሚነፍስ፣
ትንንሽ ጀልባ እንዳይወጣ፣ ባሕሩ ልቡ እስኪመለስ፣
ከሐሙስ በኋላ ደግሞ ሙቀት፣ ደመና፣ ነጎድጓድ፤
“ወሩ የሰራያት ነውና አይታመንም” አለ ሰውየው፣
በለዘበ ድምፅ፣ ያለ ግድ።

በቋንቋችን አየር ጠባይ አለው ይባላል፤
ይከፋል፣ ይጠቁራል፣ ደስ ሲለው ይከፈታል።
ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሥራዬ ጠባይ ማንበብ፣
የእመቤቲቱን ኮቴ ከደረጃው ላይ መቅለብ፤
ቶሎ ቶሎ ከሆነ ነፋስ፣ ቀስ ካለ ጥርት ያለ ቀን፣
መሃል ላይ ድንገት ከቆመ ግን
እጄ ላይ ያለው ሰሃን
ራሱ ትንፋሹን ይይዛል።
ዛሬ መሃል ላይ ቆመች።
“የአባቴ ቀሚስስ?” አለች።
በመስኮቱ አሳየኋት። አየችው፣ ታንቆ ሲያውለበልብ፤
ሳቀች፤
ሬዲዮም ጉልበትም ያልተነበየው ሳቅ፣ እስኪያስነባት።
የጎረቤት ሾፌር ሹኩር በመጥረጊያ እንጨት አወረደልን።

ከሰዓት ሽማግሌውን በወንበሩ ወደ ባሕሩ ገፍቼ
ወረኢሉ ደወልኩ፣ ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጥቼ።
“ይመር፣ በልጉስ?”
“ገብሱን ዘርቼ፣ ሰማይ ሳይ አንገቴ ጠመመ” አለ።
አቡ ነስር በምን ቋንቋ እንደገባው እንጃ፣
ባሕሩን ትቶ ጣቱን ወደ ኋላው፣ ወደ በረሃው ቀሰረና
“ጅራቱ ወደ እነሱ ይሻገራል፣ ንገሪው” አለኝ።
ነገርኩት። ሳቀ ይመር፣ እኔ ትናንት እንደሳቅኩት።
“እንግዲህ በአረብ ጉልበት ነው ገብሳችን የሚበቅለው?”
ከዚያ ዝም አለ። ነፋሱ ብቻ በስልኩ ውስጥ።
“ጠይቂው እስቲ፣” አለ በቀስታ፣ “የትኛው ጉልበቱ ነው?”
“የግራው” አልኩት።

ሐሙስ ገና ነው።
ይሻገር፣ አይሻገር፣ እኔ ምን አውቃለሁ?
ሰማዩ ግን ጥርት እንዳለ፣ አንድ ደመና ሳይኖርበት፣
ልብሱን ሁሉ አስገብቻለሁ።