ካፖርቱ የሚወልቅበት

ከሰኞ ገበያ በላይ፣ በማታው ክፍል፣
መብራቱ እንደ ልማዱ ብልጭ ድርግም ሲል፣
ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፦
«ሃያ ሊትር ሳሳ ያለ፣ ከመቶ ዐሥራ አምስት ቀለም፤
ሌላው በርሜል ደማቅ ነው፣ ከስድሳ አይወርድም፤
ከደማቁ ስንት ሊትር ቢጨመርበት ነው
ድብልቁ ተማስሎ ሠላሳ የሚሆነው?»

ከዚያም እንደ ደንቡ፣ ጠመኔዬን ይዤ፣
«ያልታወቀው ኤክስ ይሁን» አልኩኝ ደንዝዤ፤
ስንት ዓመት እንዳልኩት፣ እንደ ቤት ኪራይ።
አንዱ አዛጋ። አንዱ የጎረቤቱን ኤክስ ሰረቀ።
የሌላው እርሳስ ሲቀረጽ፣ ሲቀረጽ አለቀ።

ሉባባ ሰዒድ ግን፣ ከኋላው ወንበር፣
ከኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ከማቅለሚያው በር፣
በሚኒባስ ሐረጎን ወጥታ የምትማር፣
እጇ እስከ አንጓዋ ሰማያዊ፣
ወረቀቷን ቀድማ ሰጠችኝ፤
«ዐሥር» ይላል። ሌላ ምንም።

«መንገዱስ?» አልኳት።
«ሠላሳ ለሳሳው ቅርብ ነው፣ ቲቸር፤
ለደማቁ እጥፍ ይርቃል።
የቀረበው እጥፍ ይገባል፤ የራቀው ግማሽ ይበቃል።
በርሜሉ ዘንድ ቆሜ ኤክስ አልልም፤ ጨርቁ ይበላሻል።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዐሥር አምስት ሰጠሁ፤
በቀይ እስክሪብቶም «መንገድሽ የታለ?» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ለለቅሶ ወደ ታች ስወርድ፣
ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ እኔም ከብርድ
ካፖርቴን እስከ አገጬ ቆልፌ፣
መስኮቱ ጥግ ተጣጥፌ፣
ሐረጎ መጠምዘዝ ሲጀምር አንድ አዝራር ፈታሁ።
ወረድ ብለን ሁለት።
አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ከትከሻ ወደ ጭን አወረዱ፤
ረዳቱ መስኮት ከፈተ፤
ከዚያ አንዱ ኩርባ ላይ፣ ስሙን እንኳ በማላውቀው፣
የደሴ ብርድ ከቆላው ሙቀት በልኩ በተማሰለው፣
ካፖርቴ ወለቀ።

ሲሶው መንገድ ተወርዷል፤ ሁለት እጁ ይቀራል።
ላይ ዐሥራ አምስት፣ ታች ስድሳ፤ ሠላሳ እዚህ ይቆማል።

መንገድሽ የታለ ያልኳት ልጅ
ቀን በቀን መንገድ ላይ ነበረች።

ሰኞ ማታ አምስቱን ሰርዤ ዐሥር አልኩ።
አልመጣችም። ፈረቃዋ ወደ ሌሊት ዞሯል አሉ።
ወረቀቷ እኔው ዘንድ ቀረ፤ ጠርዙ ላይ የአውራ ጣት አሻራ፣
ሰማያዊ፣ ከመቶ ስንት እንደሆነ እሷ ብቻ የምታውቀው።

ኤክስን አልተውኩም፤ ፈተናው ይፈልገዋል።
ግን አስቀድሜ በጠመኔ አንድ መስመር አሰምራለሁ፣
አንዱ ጫፍ ደሴ፣ አንዱ ጫፍ ኮምቦልቻ፤
«እስቲ ንገሩኝ» እላለሁ፣
«ካፖርት የት ላይ ይወልቃል?»