ለሚመጣው ፉርጎ

የኒዶ ቆርቆሮዬን ምንጣፍ ላይ ዘረገፍኩ፣
ሠላሳ አንድ ሺህ ከስድስት መቶ፤ ሁለቴ ቆጠርኩ።
የአንድ ዓመት ከአራት ወር የማታ ባጃጅ ነው፣
ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ መጋላ የተመላለሰው፤
ብሩ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣
አንዱ ኖት ወገቡ በፕላስተር ታስሯል።

የሙሒዲን ሐሳብ አንድ ነው፦ «ካርዱን ግዛ፣ ካርዱን!
ባለ ሦስት ፋኑን፣ ቀይ ሰማያዊ የሚያበራውን።
ሌላው ምን ያደርጋል? ሌላው ቆርቆሮ ነው።»
እኔም እንቅልፍ ሲወስደኝ ያንን መብራት ነበር የማየው።

ታይዋን ገበያ ገባን፣ የግንቦት ፀሐይ አናት ስትበሳ፤
አባቴ ከኋላችን፤ ማንም ሳይጠራው የተነሳ፣
በሰማያዊ ቱታው፣ የምድር ባቡር ምልክቱ በደበዘዘ፣
የግራ አውራ ጣቱ ጫፍ የለውም፤ ድሮ ፉርጎ ሲያጋጥም ነው የተያዘ።
ፕሮሰሰር ምን እንደሆነ አያውቅም።
ባለማወቁም አያፍርም።

«ይኼ ምንድን ነው?»
«ፓወር ሰፕላይ፣ አባባ። ኃይል ሰጪው።»
«ስንት ይጎትታል?»
«አራት መቶ ዋት።»
«ዛሬ ላለው ነው፣ ወይስ ነገ ለሚቀጠለው?»
አብዲናስር ሳቀ። ቀጥሎ አልሳቀም።
ከመደርደሪያው ስድስት መቶ ሃምሳውን አወረደ፤ ዋጋውንም አልደበቀም።

አባቴ ማዘርቦርዱን ወደ ብርሃን አዞረው፣
ባዶ ባዶውን በጥፍሩ እየነካ ቆጠረው።
«እነዚህስ?»
«የራም መቀመጫ። አራት ናቸው፤ አሁን አንዱ ነው የሚሞላው።»
«ይኼ ረጅሙስ?»
«የካርድ ነው» አልኩና ዞር አልኩ። ሆዴን የሚበላው እሱ ነዋ።

«ስማ» አለኝ፣ «ባቡር ስትገጥም የመጨረሻውን ፉርጎ ጅራት ታያለህ።
መንጠቆ ካለው ነገ ይረዝማል። ከሌለው
ያንኑ ባቡር ዕድሜህን ሙሉ ታመላልሳለህ።»

ሒሳቡ በካርቶን ክዳን ላይ ተጻፈ።
ፕሮሰሰሩ መካከለኛ፣ ያለ ካርድ በራሱ ምስል የሚያወጣ፤
ራሙ ስምንት ጊጋ፣ አንድ ፍሬ፤ አራት አራቱ ሁለት ቢሆን ወንበር ይይዛል፣
የት ይቀመጣል በኋላ የሚመጣ?
ኬዙ ያገለገለ፣ ጎኑ የተጫረ፣ ግን አየር የሚያስገባ፤
ድሬ ላይ ነፋስ የማይዞርበት ቤት ምድጃ ነው፣ በወርቅም ቢገነባ።
የተረፈችውን ስታቢላይዘሩ በላት፣
የሰፈራችን ፍሪጆች ይመስክሩ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ያደረጋቸውን በአንድ ሌሊት።
ካርድ፦ የለም።
ሙሒዲን መርዶ የሰማ መሰለ።
«ታዲያ በምን ልትጫወት ነው? በዱዓ?» አለ።

ማታ የደቻቱ አሸዋ የቀን ሙቀቱን ሲተፋ
ጌሙን ከፈትኩት። ሁሉም ነገር ዝቅተኛው ላይ፤ ዛፉ የቃጫ ክምር፣
ተራራው እንደ ቴምር ጆንያ የተለጠፈ፤
ጥላውን አጠፋሁት። ጥላ ውድ ነው፣
የድሬ ልጅ ይህን መቼ ያጣዋል?
መኪናዋ ግን ሄደች።
ሳትንቀጠቀጥ፣ ሳትቆም ሄደች።
ሙሒዲን «ይሁና» አለ፤ ኪቦርዱን ቀምቶኝ
እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልመለሰልኝም።

በማግስቱ አባቴ የቀለም ብሩሽ ይዞ መጣ።
ኬዙን አስከፈተኝ። ጎንበስ ብሎ እፍ አለ።
ያን ረጅሙን ስሎት አየና፦
«ይኼ አፉን ከፍቶ አቧራ ሊበላ ነው?» አለ።
ከቱታው የደረት ኪስ አንዲት ቲኬት አወጣ፣
የድሮዋን፣ ወፍራም ካርቶን፣ ጠርዟ በኮንትሮሉ የተበሳ፦
ድሬዳዋ — ጅቡቲ። ሦስተኛ ማዕረግ።
ቀኗ ተፍቋል።
ጫፍ በሌለው ጣቱ ቀስ አድርጎ ሰካት፤ ልክክ አለች።
«በል፣ ካርድ አለህ።»

እስከዛሬ እዚያው ናት።
ኒዶው ውስጥ ደግሞ፣ ትናንት ማታ ስቆጥር፣
ሰባት መቶ ሃያ ብር።